በስልካችን ያለው ሁሉ የእኛ አይደለም

የሳሎንዎ አምፖል ተቃጥሎ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠሩ እንበል፡፡ ሰውየው በር ላይ ቆሞ፣ «አምፖሉን በነፃ እቀይርልዎታለሁ፤ በቅድሚያ ግን የስልክ ማስታወሻ ደብተርዎን ልገልብጥ፤ ከዛሬ ጀምሮም የት ውለው የት እንደሚያድሩ እየተከታተልኩ ልመዝግብ» ቢልዎ ምን ይሉታል? በሩን ዘግተው ዘበኛ እንደሚጠሩ አልጠራጠርም፡፡ ይሁንና ይኸው ጥያቄ በስልካችን መስታወት ላይ በትንንሽ ፊደላት ተጽፎ ሲመጣ፣ አብዛኞቻችን ሳናነብ «ፍቀድ» የምትለዋን ተጭነን እናልፋለን፡፡

ምሳሌው የተጋነነ ከመሰለዎ በአሜሪካ የሆነውን ላስታውስ፡፡ የአገሪቱ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2013 «ብራይተስት ፍላሽላይት» በተባለ አፕሊኬሽን ሠሪ ላይ ክስ አቅርቦ ጉዳዩ በስምምነት አለቀ፡፡ የአፕሊኬሽኑ ሥራ ስልኩን እንደ ባትሪ ማብራት ብቻ ነበር፡፡ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ጊዜያት ወርዷል፡፡ ኮሚሽኑ እንዳለው ግን ባትሪው ከማብራት አልፎ ተጠቃሚው ያለበትን ቦታና የስልኩን መለያ ለማስታወቂያ ድርጅቶች ይልክ ነበር፡፡ ይባስ ብሎም ሰውየው በውሉ ላይ «እቀበላለሁ» ወይም «አልቀበልም» ከማለቱ በፊት መረጃው መሄድ ጀምሯል፡፡

ስለ ስልክ ደኅንነት ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ቫይረስ ነው፡፡ ቫይረሱ መኖሩ እውነት ነው፤ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ፡፡ በእኔ እምነት ግን ትልቁ ጉዳይ በራሳችን እጅ የምንሰጠው ፈቃድ ነው፡፡ የምንፈቅደው ደግሞ የራሳችንን ብቻ ሳይሆን ያልጠየቅናቸውን የብዙ ሰዎች መረጃ ጭምር ነው፡፡

በቅድሚያ አሠራሩን በአጭሩ እንመልከት፡፡ ስልኩን ወይም የስልኩን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ከሠራው ኩባንያ ውጪ ሌሎች ሠርተው የሚያቀርቧቸው አፕሊኬሽኖች የሦስተኛ ወገን አፕሊኬሽኖች ይባላሉ፡፡ አንድሮይድም ሆነ የአይፎኑ አይኦኤስ እያንዳንዱን አፕሊኬሽን ለብቻው በተዘጋ ክፍል ውስጥ እንደማስቀመጥ ያደርጉታል፡፡ ከክፍሉ ወጥቶ የስልክ ማውጫችንን፣ ካሜራውን፣ ማይክራፎኑን፣ አጭር መልዕክቱን ወይም ያለንበትን ቦታ ለማየት ቁልፍ ያስፈልገዋል፡፡ ፈቃድ የምንለው ይህ ቁልፍ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ2015 አንድሮይድ 6 እስኪወጣ ድረስ አፕሊኬሽኑ የጠየቀውን ቁልፍ በሙሉ በአንድ ጊዜ መስጠት፣ አለዚያም አፕሊኬሽኑን መተው እንጂ መምረጥ አይቻልም ነበር፡፡ ከዚያ ወዲህ አንዱን ሰጥቶ ሌላውን መንፈግ፣ የሰጡትንም መልሶ መንጠቅ ይቻላል፡፡

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ፡፡ ስልኩ የሚቆጣጠረው በሩን ነው፡፡ መረጃው አንዴ ተገልብጦ ወደ ኩባንያው ኮምፒዩተር ከሄደ በኋላ ማን እጅ እንደሚገባ ስልኩ አያውቅም፡፡ ፈቃዱን ነገ ብንሰርዘው ከነገ ወዲያ የሚሄደውን እናቆማለን እንጂ ትናንት የሄደውን አንመልስም፡፡

አሁን የስልክ ማውጫችንን እንክፈት፡፡ በአንድ ባለሙያ ስልክ ውስጥ የጥቂት መቶ ሰዎች ስምና ቁጥር መኖሩ የተለመደ ነው፡፡ ስሞቹን የምናስቀምጠው ደግሞ እንደመዝገብ ሳይሆን ለራሳችን እንዲገባን አድርገን ነው፡፡ ጠበቃው «ወ/ሮ እከሊት ፍቺ» ብሎ ይመዘግባል፡፡ ሐኪሙ «አቶ እከሌ ኩላሊት»፣ የሒሳብ ባለሙያው «እከሌ ገቢዎች ክርክር» ይላል፡፡ ከቁጥሩ ይልቅ ምስጢሩ ያለው ከስሙ ቀጥሎ በተጻፈችው አንዲት ቃል ላይ ነው፡፡ ማን እንደደወለ በስም እናሳውቃለን ከሚሉት አፕሊኬሽኖች አንዳንዶቹ ሰፊ ዝርዝራቸውን የሚገነቡት ከተጠቃሚዎቻቸው ማውጫ ከሚሰበሰብ ስምና ቁጥር ነው፡፡ በመሆኑም ስማርት ስልክ እንኳን የሌላት ሴት፣ ጠበቃዋ በስልኩ ላይ ባስቀመጠላት ስም በማታውቀው መዝገብ ውስጥ ልትገባ ትችላለች ማለት ነው፡፡ እሺ ያለው ጠበቃው እንጂ እሷ አይደለችም፡፡

ይህ ዓይነቱ ነገር ምን ያህል እንደሚሰፋ ያሳየው የካምብሪጅ አናሊቲካ ጉዳይ ነው፡፡ በፌስቡክ ላይ የሚሠራ የስብዕና መጠይቅ ተዘጋጅቶ 270 ሺሕ ያህል ሰዎች ሞሉት፡፡ በጊዜው የነበረው የፌስቡክ አሠራር ግን መጠይቁ የሞላውን ሰው ብቻ ሳይሆን የጓደኞቹንም መረጃ እንዲወስድ ይፈቅድ ነበር፡፡ ጉዳዩ እ.ኤ.አ. በ2018 አደባባይ ሲወጣ ፌስቡክ ራሱ የገመተው የተነካኩ ሰዎች ቁጥር እስከ 87 ሚሊዮን ደረሰ፡፡ ስናካፍለው አንድ ሰው «እሺ» ባለ ቁጥር ከ300 በላይ ሰዎች አብረው ተሰጥተዋል፡፡ የአሜሪካው ኮሚሽን በ2019 በፌስቡክ ላይ የአምስት ቢሊዮን ዶላር ቅጣት የጣለው ይህን ጨምሮ በተነሱ የግላዊነት ጥሰቶች ነው፡፡

ይህ የሩቅ አገር ወሬ ነው የሚል ካለ ጎረቤታችን ኬንያን ይመልከት፡፡ እዚያ በስልክ አፕሊኬሽን አማካይነት ያለመያዣ አነስተኛ ብድር የሚሰጡ ኩባንያዎች በዝተው ነበር፡፡ ከእነዚህ አንዳንዶቹ ተበዳሪው ሲዘገይ የሚደውሉት ለእሱ ብቻ አልነበረም፤ ለእናቱ፣ ለአለቃው፣ ለሥራ ባልደረባው እየደወሉ «እከሌ ዕዳ አለበት» ይሉ ነበር፡፡ የኬንያ የመረጃ ጥበቃ ኮሚሽነር ጽሕፈት ቤት እ.ኤ.አ. በ2023 ዲጂታል አበዳሪዎችን በዚህ ዓይነት ጥፋት የቀጣ ሲሆን፣ በአንደኛው ላይ የተጣለው ቅጣት 5 ሚሊዮን የኬንያ ሽልንግ ነበር፡፡ ጉግልም በዚያው ዓመት የግል ብድር አፕሊኬሽኖች የስልክ ማውጫንና ፎቶግራፎችን እንዳይነኩ ከልክሏል፡፡ በእኛም አገር ብድርና ቁጠባ ወደ ስልክ እየገባ ስለሆነ የጎረቤትን ትምህርት በነፃ መውሰዱ ይሻላል፡፡

አፕሊኬሽኑን የሠራው ሰው ቅን ቢሆንስ? ይህም ሁልጊዜ አያድንም፡፡ የዛሬ አፕሊኬሽን እንደ አንድ ሰው እጅ ሥራ ከሀ እስከ ፐ አንድ ቦታ አይሠራም፡፡ ሠሪው ማስታወቂያ ለማሳየት፣ ተጠቃሚ ለመቁጠር፣ ካርታ ለመክፈት በሌሎች ኩባንያዎች ተዘጋጅተው የቀረቡ ክፍሎችን ይገጣጥማል፡፡ በሙያው ቋንቋ ኤስዲኬ ይሏቸዋል፡፡ እኛ ለአፕሊኬሽኑ የሰጠነውን ቁልፍ እነዚህም ክፍሎች አብረው ይጠቀሙበታል፡፡ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ የወጣ የጋዜጠኞች ምርመራ እንዳሳየው፣ የጸሎት ሰዓትንና የመካን አቅጣጫ የሚጠቁመው «ሙስሊም ፕሮ» የተሰኘ ዝነኛ አፕሊኬሽን በውስጡ በነበረ እንዲህ ያለ ክፍል አማካይነት የምዕመናኑን መገኛ «ኤክስ ሞድ» ለተባለ የመረጃ ነጋዴ ያስተላልፍ ነበር፡፡ ከነጋዴው ደንበኞች መካከል የአሜሪካ ጦር ተቋራጮች ይገኙበታል፡፡ የአፕሊኬሽኑ ባለቤቶች ግንኙነቱን ወዲያው እንደሚያቋርጡ አስታወቁ፤ ጉግልና አፕልም የኤክስ ሞድን ክፍል ከመደብሮቻቸው አገዱ፡፡ ለጸሎት ሰዓት ብሎ ያለበትን ቦታ የፈቀደ ምዕመን ግን መረጃው እስከዚያ ይጓዛል ብሎ እንዴት ይገምታል?

ወደ ቫይረሱ ልመለስ፡፡ እኛ አገር አፕሊኬሽን ከመደብሩ ከማውረድ ይልቅ ከጓደኛ ስልክ ወደ ስልክ መቀባበል፣ ወይም ከቴሌግራም ቻናል የኤፒኬ ፋይል አውርዶ መጫን የተለመደ ነው፡፡ ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ኢንተርኔት ገንዘብ ነው፡፡ ነገር ግን በዚህ መንገድ የመጣ ፋይል በመንገድ ላይ ተከፍቶ ተሰፍቶ እንደሆነ በዓይን አይለይም፡፡ በተለይ ተጨማሪ ነገር ጨምረናል እየተባሉ የሚሰራጩት የተሻሻሉ የዋትስአፕ ቅጂዎች ሊፈሩ ይገባል፡፡ ካስፐርስኪ የተባለው የደኅንነት ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2021 «ኤፍኤም ዋትስአፕ» በተሰኘው ቅጂ ውስጥ «ትሪያዳ» የተባለ አደገኛ ፕሮግራም አገኘ፡፡ በ2023 ደግሞ በቴሌግራም ቻናሎች የሚሰራጩና የሰለላ ክፍል የተሰካባቸው ቅጂዎችን ይፋ አደረገ፡፡ እነዚህ የባለስልኩን ማውጫ በየአምስት ደቂቃው ይልኩ፣ ሲታዘዙም በማይክራፎኑ ድምፅ ይቀዱ ነበር፡፡ በብዛት የተገኙባቸው አገሮች ሳዑዲ ዓረቢያንና የመንን ይጨምራሉ፤ ዘመድ እዚያ ያለው ሰው ቢነግረው አይከፋም፡፡ እዚህም ላይ የሚጎዳው ጫኙ ብቻ አይደለም፤ ትክክለኛውን ዋትስአፕ ይዞ ከእሱ ጋር የሚጻጻፈውም ሰው አብሮ ይጋለጣል፡፡

ከቁልፎቹ ሁሉ ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ይበጃል፡፡ አንደኛው አጭር መልዕክት የማንበብ ፈቃድ ነው፡፡ ባንኮች የማረጋገጫ ቁጥር የሚልኩት በአጭር መልዕክት ስለሆነ ይህን የያዘ አፕሊኬሽን የገንዘባችንን በር ይጠብቃል ማለት ነው፡፡ ሁለተኛው «አክሰሰቢሊቲ» ይባላል፡፡ ማየት ለተሳናቸውና የአካል ጉዳት ላለባቸው ተጠቃሚዎች የተዘጋጀ መልካም አገልግሎት ነው፤ መስታወቱ ላይ ያለውን ያነባል፣ በባለቤቱ ፈንታ ይጫናል፡፡ የባንክ ሌቦች ፕሮግራሞች አጥብቀው የሚለምኑት ይህንኑ ነው፡፡ አንድ የጨዋታ ወይም የፎቶ ማስዋቢያ አፕሊኬሽን ይህን ከጠየቀዎ ያለ ክርክር ያጥፉት፡፡

«እኔ ምን የምደብቀው አለኝና?» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ፡፡ ንግግሩ ስለ ራሳቸው ከሆነ ምርጫው የእነሱ ነው፡፡ ሐኪም የሕመምተኛውን ካርድ ካፌ ጠረጴዛ ላይ ትቶ ቢሄድ ግን «እኔ የምደብቀው የለኝም» ብሎ ሊያመልጥ አይችልም፤ ካርዱ የሌላ ሰው ነውና፡፡ ስልካችንም እንዲሁ ነው፡፡ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት መከበርን ያረጋገጠ ሲሆን፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ያጸደቀው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰውን መረጃ የሚሰበስብና የሚጠቀም አካል ግዴታ እንዳለበት ደንግጎ፣ ተቆጣጣሪነቱን ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሰጥቷል፡፡ ሕጉ መኖሩ ጥሩ ነው፡፡ ነገር ግን አፕሊኬሽኑን የሠራው ሰው በየትኛው አገር እንደሚኖር እንኳን በማይታወቅበት ጊዜ፣ የመጀመሪያው ዘበኛ ባለስልኩ ነው፡፡

እንግዲህ ምን እናድርግ? ስልክ ጥለን ወደ ገጠር እንግባ አልልም፡፡ የማንጠቀምባቸውን አፕሊኬሽኖች እናጥፋ፤ በአንድ የሠርግ ቀን ለፎቶ ተጭኖ የተረሳ አፕሊኬሽን ዛሬም ቁልፉን እንደያዘ ሊሆን ይችላል፡፡ ከመደብሩ ውጪ የመጣ ፋይል አንጫን፤ መደብሩም ራሱ አንዳንዴ እንደሚታለል እያወቅን የሠሪውን ማንነት እንይ፡፡ የባንክ አፕሊኬሽን ከሆነ መገኛውን ከባንኩ ከራሱ እንጠይቅ፡፡ ያለንበትን ቦታ መስጠት ግድ ሲሆን «በምጠቀምበት ጊዜ ብቻ» የሚለውን እንምረጥ፡፡ አይኦኤስ 18 ያለው አይፎን የያዘ ሰው ማውጫውን በሙሉ ከመስጠት ይልቅ የተወሰኑ ስሞችን ብቻ መርጦ መስጠት ይችላል፡፡ የቢሮ ኃላፊዎችም የደንበኞችን ቁጥር ለመያዣ ከጨዋታና ከመዝናኛ የጸዳ ሌላ ስልክ ቢያዘጋጁ ወጪው ከሚያድነው ጣጣ ያነሰ ነው፡፡

ይህ ሁሉ ከበዛብዎ ዛሬ ማታ አንዱን ብቻ ያድርጉ፡፡ ወደ ስልክዎ ሴቲንግ ገብተው ስለ ግላዊነት ከሚለው ሥር የፈቃዶችን ዝርዝር ይክፈቱና የስልክ ማውጫዎን ለማየት የተፈቀደላቸውን አፕሊኬሽኖች አንድ በአንድ ይቁጠሩ፡፡ ከእያንዳንዱ ፊት ቆመው፣ «በዚህ ማውጫ ውስጥ ያሉት ሰዎች ቢጠየቁ ኖሮ ይፈቅዱ ነበር ወይ?» ብለው ይጠይቁ፡፡ አይፈቅዱም ካሉ ፈቃዱን ይንጠቁት፡፡ አምስት ደቂቃ አይፈጅም፡፡