ዕዳው የሚሰረዝለት ማን ነው? የእንግሊዝ የዕዳ ማቃለያ ሕግና የእኛ ሰው

በእንግሊዝና በዌልስ የሚኖር፣ ገቢው አነስተኛ የሆነ፣ ቤት ንብረት የሌለው ሰው ሊወጣው የማይችለው ዕዳ ቢከመርበት ዕዳው በሕግ የሚሰረዝበት መንገድ አለ። በአሕጽሮት ዲአርኦ ይባላል፤ የዕዳ ማቃለያ ትእዛዝ ማለት ነው። ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2009 ሲሆን፣ የታሰበውም በመደበኛው የኪሳራ ሥርዓት ለመገላገል እንኳ ገንዘብ ለሌላቸው ሰዎች ነው። ዛሬም ኪሳራ ለማስመዝገብ 680 ፓውንድ ይከፈላል። ለዲአርኦ ይከፈል የነበረው 90 ፓውንድ ግን ከሚያዝያ 2024 ጀምሮ ቀርቷል፤ አሁን በነጻ ነው።

በአረጋውያን እንክብካቤ፣ በጽዳት፣ በምግብ ቤትና በታክሲ ሥራ የሚተዳደሩ በርካታ ወገኖቻችን በዚህ አገር አሉ። የካውንስል ታክስ ውዝፍ፣ የመብራትና የጋዝ ሒሳብ፣ ክሬዲት ካርድ ሲደራረብ ብዙዎቹ ደብዳቤውን ሳይከፍቱ መሳቢያ ውስጥ ይከታሉ። ዕዳ ነውር ነው ብለን አድገናልና ለማንም አይናገሩም። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝም ይኸው ነው። ሕጉ ሁሉን ለሚናገር ሰው በሩን ይከፍታል። ነገር ግን መስፈርቱን የሚያሟላ ሰው እንኳ ከማመልከቱ በፊት በይሉኝታ ወይም በድንጋጤ በሚያደርገው ነገር በሩን በራሱ ላይ ሊዘጋ ይችላል።

መስፈርቶቹ

የመጀመሪያው መስፈርት የዕዳው መጠን ነው። በትእዛዙ የሚካተተው ዕዳ በድምሩ ከ50,000 ፓውንድ መብለጥ የለበትም። ጣሪያው ሲጀመር 15,000 ነበር፤ በ2015 ወደ 20,000፣ በ2021 ወደ 30,000 ከፍ አለ፤ ከሰኔ 2024 መጨረሻ ጀምሮ 50,000 ሆኗል። ከዚያ በፊት ጠይቆ “ዕዳህ በዝቷል” የተባለ ሰው ዛሬ እንደገና ቢጠይቅ መልሱ ሊለወጥ ይችላል።

ሁለተኛው በወሩ መጨረሻ እጅ ላይ የሚተርፈው ገንዘብ ነው። ደመወዙም ቤኔፊቱም (የመንግሥት ድጎማው) ተደምሮ፣ ኪራይ፣ አስቤዛ፣ ትራንስፖርት፣ የልጅ ወጪና የመሳሰለው ተቀንሶ የሚተርፈው ከ75 ፓውንድ መብለጥ የለበትም። ሦስተኛው ንብረት ነው። ገንዘብም ዕቃም ተደምሮ ከ2,000 ፓውንድ በላይ መሆን አይችልም። የቤት ዕቃና ልብስ አይቆጠርም። አንድ መኪና እስከ 4,000 ፓውንድ የሚያወጣ ከሆነ ለብቻው ይፈቀዳል። ቤት ያለው ሰው ግን፣ ቤቱ በባንክ ብድር የተያዘ ቢሆንም እንኳ፣ አያልፍም፤ የሚታየው የቤቱ ሙሉ ዋጋ ነውና። በተጨማሪ አመልካቹ ባለፉት ሦስት ዓመታት ውስጥ በእንግሊዝ ወይም በዌልስ የኖረ ወይም የሠራ፣ ባለፉት ስድስት ዓመታት ደግሞ ሌላ ዲአርኦ ያልወሰደ መሆን አለበት። ስኮትላንድ የራሱ የተለየ ሕግ አለው።

ቁጥሩን በምሳሌ እንየው። አንዲት እናት በካውንስል ቤት ተከራይታ ሁለት ልጆች ታሳድጋለች እንበል። የካውንስል ታክስ ውዝፍ 2,100፣ መብራትና ጋዝ 1,400፣ ክሬዲት ካርድ 6,300፣ የባንክ ብድር 7,800፣ ስልክ 400 ፓውንድ አለባት። የእቁብ ዕጣዋን ቀድማ ስለወሰደች ገና 3,000 ፓውንድ ትከፍላለች። ድምሩ 21,000 ነው። በወር ደመወዟና ዩኒቨርሳል ክሬዲቷ ተደምሮ 1,980 ይገባል፤ 1,920 ይወጣል፤ 60 ይተርፋል። ባንክ ውስጥ 250 ፓውንድ፣ በር ላይ 3,200 የሚያወጣ መኪና አላት። ይህች እናት በቁጥሩ በኩል መስፈርቱን ታሟላለች። በወር እጇ የሚገባው በ20 ፓውንድ ቢጨምር ግን ትርፏ 80 ይሆንና ከመስመሩ ታልፋለች። ስለዚህ የገቢና የወጪው ዝርዝር በግምት ሳይሆን በደረሰኝና በባንክ መግለጫ መሠራት አለበት። በየወሩ ወደ አገር ቤት የሚላክ ገንዘብም እንደ ኪራይና እንደ አስቤዛ በቀላሉ ይያዝልኛል ተብሎ የሚታሰብ አይደለም፤ ለአማካሪው በግልጽ መነገር ያለበት ጉዳይ ነው።

አገር ቤት ያለው ንብረት

አንድ ጥያቄ ለእኛ ሰው ከሁሉም ይከብዳል። ለዚያች እናት አዲስ አበባ ውስጥ በስሟ የተመዘገበ ኮንዶሚኒየም ቢኖራትስ? እናቷ ይኖሩበታል፤ ኪራይ አታገኝበትም፤ እሷም እንደ ንብረቷ አታየውም። ሕጉ ግን ንብረቱ የት እንዳለ አይለይም። በስሟ ያለ ቤት፣ መሬት ወይም የባንክ ደብተር አገር ቤት ቢሆንም ይቆጠራል፤ ቤቱም ከ2,000 ፓውንድ ጣሪያ በላይ ያደርሳታል።

እዚህ ላይ ሁለት ፈተናዎች ይመጣሉ። አንደኛው መደበቅ ነው፤ “ማን ያውቃል?” ማለት። ሁለተኛው ከማመልከት በፊት ቤቱን በወንድም ወይም በእህት ስም ማዛወር ነው። ሁለቱም አደገኛ ናቸው። እያወቁ ሐሰተኛ መረጃ መስጠት ወንጀል ነው። ባለፉት ሁለት ዓመታት ውስጥ ንብረትን ያለ ዋጋ ወይም ከዋጋው በታች አሳልፎ መስጠትም ማመልከቻውን ሊያስጥል ይችላል። በማታለል የተገኘ ሰው ላይ ከ2 እስከ 15 ዓመት የሚቆይ ተጨማሪ ገደብ ሊጣልበት ይችላል። እንዲህ ያለ ንብረት ያለው ሰው ዲአርኦ ባይሆንለት ከአበዳሪዎች ጋር በየወሩ በሚችለው መጠን የመክፈል ስምምነትን የመሰለ ሌላ መንገድ አለው። አማካሪው ሊመርጥለት የሚችለው ግን እውነቱን ካወቀ ብቻ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ!

የሚሰረዘውና የማይሰረዘው

ክሬዲት ካርድ፣ የባንክ ብድር፣ የካውንስል ታክስ ውዝፍ፣ የመብራት፣ የጋዝ፣ የውኃና የስልክ ዕዳ፣ ከዘመድና ከጓደኛ የተወሰደ ብድር ሁሉ ይካተታል። በማጭበርበር ያልመጣ የቤኔፊት ትርፍ ክፍያም ይካተታል። መንግሥት ይህን ገንዘብ ከቤኔፊት ላይ እየቆረጠ መውሰዱን ሊቀጥል ይሞክር ነበር፤ በ2011 የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ትእዛዙ ጸንቶ ባለበት ጊዜ ይህ አይቻልም ብሎ ወስኗል። ለታክሲ ሹፌሮች የሚጠቅም ነገርም አለ። በካውንስል የሚጣል የመኪና ማቆሚያ ቅጣት ይካተታል፤ በወንጀል ፍርድ ቤት የተጣለ መቀጮ ግን አይካተትም።

የፍርድ ቤት መቀጮ፣ የልጅ ቀለብ፣ የተማሪ ብድርና በማጭበርበር የመጣ ዕዳ አይሰረዙም። የቤት ኪራይ ውዝፍ ደግሞ ለየት ያለ ነው። ገንዘቡ ይካተታል፤ አከራዩ ግን በውዝፉ ምክንያት ቤቱን ለማስለቀቅ አሁንም ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። የኪራይ ውዝፍ ያለበት ሰው ይህን አስቀድሞ ከአማካሪው ጋር ሳይነጋገር መፈረም የለበትም። በፋይናንስ የተገዛ መኪናም እንዲሁ ነው፤ ዕዳው ተከፍሎ እስኪያልቅ መኪናው የኩባንያው ስለሆነ፣ ዕዳው ሲካተት ኩባንያው መኪናውን መልሶ ሊወስደው ይችላል።

እቁቡና ዋሱ

እቁብ በጽሑፍ ባይሆንም ዕዳ ነው። ዕጣዋን የወሰደችው እናት የቀረባትን 3,000 ፓውንድ ከዝርዝሩ ውስጥ ማስገባት አለባት፤ ሰብሳቢውም እንደማንኛውም አበዳሪ ማስታወቂያ ይደርሰዋል። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ይሸማቀቃል። “ባንኩ ይቅርበት፣ የእቁቡን ግን ተበድሬም ቢሆን ልክፈል” ይላል። ሐሳቡ ከክብር የመነጨ ነው። ሕጉ ግን ሌሎቹን አበዳሪዎች ትቶ አንዱን ለመጥቀም መክፈልን እንደ አድልዎ ያየዋል፤ ባለፉት ሁለት ዓመታት የተደረገ እንዲህ ያለ ክፍያ ማመልከቻውን ሊያስጥል ይችላል።

ከዚህም የሚከብደው የዋሱ ጉዳይ ነው። ዲአርኦ ነጻ የሚያወጣው ያመለከተውን ሰው ብቻ ነው። ለእቁቡ ዋስ የሆነው ጓደኛ፣ ለብድሩ የፈረመው ወንድም፣ ዕዳውን በጋራ የገቡበት ባል ወይም ሚስት ከነሙሉ ኃላፊነታቸው ይቀራሉ። ባልና ሚስት በአንድ ማመልከቻ መግባት አይችሉም፤ ሁለቱም ካስፈለጋቸው ለየብቻ ማመልከት አለባቸው። ስለዚህ ዋስ ያለው ሰው ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት ዋሱን ቁጭ አድርጎ ማነጋገር ይገባዋል። ዋሱ ራሱ ገቢው አነስተኛ ከሆነ እሱም በራሱ ስም ምክር ሊጠይቅ ይችላል። ነገሩን ከሌላ ሰው ደብዳቤ እንዲሰማ ማድረግ ግን ወዳጅነትን ያፈርሳል።

ከየት ይጀመራል

ማንም ሰው ዲአርኦን በራሱ አያመለክትም። እውቅና ያለው የዕዳ አማካሪ ማመልከቻውን በኢንተርኔት ኢንሶልቨንሲ ሰርቪስ ለተባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ያቀርባል። ሲቲዝንስ አድቫይስ፣ ስቴፕቼንጅና ናሽናል ዴትላይን በነጻ ያማክራሉ። ቀጠሮ ሲያዝ አስተርጓሚ መጠየቅ ተገቢ ነው። ልጅን ለዚህ ጉዳይ አስተርጓሚ ማድረግ ልጁንም ይጎዳል፣ ወላጁም ሁሉን እንዳይናገር ያደርገዋል።

ቤይሊፍ (ዕዳ አስፈጻሚ) በር ላይ ከቆመ ወይም ወለዱ እየናረ ከሆነ አማካሪው መጀመሪያ የመተንፈሻ ጊዜ ሊጠይቅ ይችላል። ከግንቦት 2021 ጀምሮ የሚሠራ ሲሆን፣ ለ60 ቀን በአብዛኞቹ ዕዳዎች ላይ ወለድ፣ ቅጣትና ማስፈጸምን ያስቆማል። በዚያ ጊዜ የደመወዝ ወረቀት፣ የባንክ መግለጫ፣ የኪራይ ውልና የአበዳሪዎች ደብዳቤ ሁሉ ይሰብሰብ። ዝርዝሩ መሟላት አለበት፤ ትእዛዙ ከወጣ በኋላ የተረሳ ዕዳ ሊጨመር አይችልምና። ዕዳ ያለባችሁ ባንክ ውስጥ ደመወዝ የሚገባ ከሆነም ዕዳ በሌለባችሁ ባንክ አዲስ ሒሳብ ስለመክፈት አማካሪውን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

በስልክ ደውሎ ወይም በፌስቡክ ማስታወቂያ “ዕዳህን በከፊል እናሰርዝልሃለን” የሚል ኩባንያ ሲመጣ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከእነዚህ መካከል ለዲአርኦ የሚበቃውን ሰው አምስትና ስድስት ዓመት ወደሚያስከፍል ስምምነት የሚወስዱ አሉ። ስለዚህ ከመፈረም በፊት “ለዲአርኦ እበቃለሁ ወይ?” ብሎ ነጻ አማካሪ መጠየቅ ይገባል።

አሥራ ሁለቱ ወራት

ትእዛዙ ከወጣ በኋላ 12 ወር የጥበቃ ጊዜ አለ። በዝርዝሩ ውስጥ ያሉ አበዳሪዎች ገንዘቡን መጠየቅ አይችሉም። የወሩ ኪራይ፣ አዲሱ የካውንስል ታክስና አዲሱ መብራት ግን መከፈላቸውን ይቀጥላሉ። ገቢ ከጨመረ፣ ውርስ ወይም ሌላ ገንዘብ ከመጣ ወዲያው ማሳወቅ ግዴታ ነው፤ ከጣሪያው ካለፈ ትእዛዙ ሊሰረዝ ይችላል። 500 ፓውንድና ከዚያ በላይ ለመበደር ትእዛዙ እንዳለ ለአበዳሪው መንገር ያስፈልጋል። በዚያ ጊዜ ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ የኩባንያ ዳይሬክተር መሆን አይቻልም። ስምና አድራሻ በሕዝብ መዝገብ ላይ ይወጣል፤ ትእዛዙ ካበቃ ከሦስት ወር በኋላ ይነሣል። አድራሻው መታወቁ ለጥቃት የሚያጋልጠው ሰው እንዲደበቅለት ፍርድ ቤት መጠየቅ ይችላል። በክሬዲት መዝገብ ላይ ግን ለስድስት ዓመት ይቆያል። አሥራ ሁለቱ ወራት ሲሞሉ በዝርዝሩ ያለው ዕዳ ይሰረዛል።

ስለ መኖሪያ ፈቃድ ለሚጨነቁ ደግሞ፣ ዲአርኦ ቤኔፊት አይደለም፤ ከሕዝብ ገንዘብ እንዳይጠቀም ገደብ ያለበት ሰውም በዚያ ምክንያት ብቻ አይከለከልም። ዜግነት ለመጠየቅ የሚያስብ ግን፣ ሆም ኦፊስ የመልካም ጠባይ መመዘኛ ሲያይ የገንዘብ አያያዝንም ስለሚመለከት፣ አስቀድሞ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክር።

ይህ ሕግ ምጽዋት አይደለም፤ መስፈርቱን ለሚያሟላ ሁሉ የተሰጠ መብት ነው። ዕዳ የከበዳችሁ ከሆነ የእቁቡን ከመክፈላችሁ፣ ቤቱን ከማዛወራችሁ፣ ሌላ ብድር ከመውሰዳችሁ በፊት መጀመሪያ አማካሪ ጋ ሂዱ። እዚያም አገር ቤት ያለውን ሳይቀር ሁሉንም ተናገሩ።