የበያጆች አለቃ ሥራው ምንድን ነው?

ዐዋቂን መምራት ጀማሪን ከመምራት ይከብዳል። በመርከብ መሥሪያ ግቢ የቧንቧ በያጆች አለቃ የሆነ ሰው ይህን በየቀኑ ያየዋል። ሠራተኞቹ እሳቱን ከእሱ ይበልጥ ያውቁታል። እንግዲያው አለቃው ለምን ያስፈልጋል?

መልሱን ከአንድ አደጋ እንፈልገው። ትሬሸር የተባለችው የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሰርጓጅ መርከብ፥ በፈረንጆች አቆጣጠር ኤፕሪል 10 ቀን 1963፥ 129 ሰዎች እንደያዘች በአትላንቲክ ውቅያኖስ ሰጠመች። መርማሪዎቹም የባሕር ውሃ የሚያልፍበት ቧንቧ መጋጠሚያው ሳይለቅ አልቀረም አሉ። ቀደም ሲል መርከቢቱ በጥገና ላይ ሳለች፥ በብር ቅይጥ ከተያያዙት መጋጠሚያዎች 145ቱ በድምፅ ሞገድ ተመርምረው፥ ከመቶ 14 ያህሉ ከደረጃ በታች ሆነው ተገኝተው ነበር። የቀሩት ብዙዎቹ ግን እንዲህ ሳይመረመሩ ወደ ባሕር ወጣች።

ቅይጡ ወደ ውስጥ መዝለቁን ከውጭ ሆኖ የሚያይ ዓይን የለም፤ የባለሙያም ቢሆን። ስለዚህ የአለቃው ሥራ ብየዳ ማስተማር አይደለም። እያንዳንዱን መጋጠሚያ ማን እንደሠራው ይጽፋል፤ ያስመረምራል፤ ጉድለት ሲገኝ ባለሙያውን ሳያዋርድ «ይቆረጥና ይደገም» ይላል፤ ቀኑ ደረሰ ብለው ለሚያጣድፉትም «ገና ነው» ብሎ ይቆማል። ባሕር ኃይሉም በዚያው በ1963 ሰብሴፍ የተባለውን የጥንቃቄ ሥርዓት አቋቋመ፤ ለሥራው በጽሑፍ የተያዘ ማስረጃ ይጠየቅ ጀመር።

እኛም ነገ ተመርቀን፥ እጃቸው ከእኛ በሠለጠነ ሠራተኞች ላይ እንሾም ይሆናል። ያን ጊዜ ዲፕሎማችን ብየዳውን አያጠብቀውም፤ «ገና ነው» የማለት ድፍረታችን ግን ሰው ያድናል።