ምዕራፍ 7፦ መልቀቅ የከበደው ልብ

ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ የሚወጣውን ዳገት በማለዳ ሞክሩት። የባሕር ዛፍ ቅጠል ሊለቅሙ የሚወጡ እናቶች ገመዳቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ይቀድሟችኋል፤ እነሱን ደግሞ ቱታ የለበሱ ሯጮች። አንድ ቀን ስልሳውን ካለፉ እማማ ጋር እኩል ስንወጣ ድንገት ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። ሸክሙ ገና ነው፣ ባዶ እጃቸውን ነበሩ። «ሂድ ልጄ፣ ትንፋሼ እስኪመለስ ነው» አሉኝ። ትንሽ ቆይተው ተነሱና ደረሱብኝ። እኔም ቆሜ ነበር፤ ከተማውን ላይ ነው ብዬ ዋሸኋቸው።

አየሩ ሳስቷል፤ እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ግን ያንኑ አየር እየሳበ የሃያ ዓመቱ ልጅ ይሮጣል። እማማንና ልጁን ከሚለዩአቸው ነገሮች አንዱ ያለው የልብ ጡንቻ ሴል በር ላይ ነው። በበሩ የሚገባና የሚወጣው ደግሞ ሶዲየም፣ ማለትም ገበታችን ላይ ያለው ጨው ከተሠራባቸው ሁለት ንጥረ ነገሮች አንዱ ነው።

ከሴሉ ውጭ ያለው ፈሳሽ ሶዲየም የሞላበት ነው፤ ውስጡ ግን ጥቂት ነው። ልብ በመታ ቁጥር በሩ ለሰከንድ አንድ ሺኛ ያህል ወለል ይልና ይዘጋል፤ ገብቶ የሚሮጠው ሶዲየም ሴሉን ይቀሰቅሰዋል። የገባው መውጣት አለበት። መገናኛ ላይ የሚጮህ የሚኒባስ ረዳት አስቡ፦ ሦስት ያስወርዳል፣ ሁለት ይጭናል። የሴሉም ፓምፕ እንዲሁ ሦስት ሶዲየም አውጥቶ ሁለት ፖታስየም ያስገባል፤ በየዙሩም ከሴሉ ጉልበት ይቆርጣል። ዴንማርካዊው የንስ ስኩ ስለዚህ ፓምፕ በ1957 እ.ኤ.አ. ጻፈ፤ የኖቤል ሽልማቱ የደረሰው ግን ከአርባ ዓመት በኋላ በ1997 ነው።

ከፓምፑ ጎን አንድ መለዋወጫ አለ። ሦስት ሶዲየም ሲያስገባ አንድ ካልሲየም ያስወጣል፤ ደህና የሚሠራው ግን የሴሉ ውስጥ በሶዲየም እስካልሞላ ድረስ ነው። ይህን ያዙልኝ፤ ልብ የሚጨብጠው ካልሲየም ሲመጣ ነው፣ የሚለቀውም ካልሲየም ሲሄድለት።

ፓምፑ ቢዘጋ ምን ይሆናል? መልሱን ከሳይንቲስቶቹ በፊት በተግባር የሚያውቁት የአፍሪካ ቀንድ አዳኞች ነበሩ። ምረንዝ የሚባለውን ዛፍ ቅርፊትና እንጨት ቀቅለው፣ ጠቁሮ እንደ ሬንጅ ሲወፍር የቀስት ጫፍ ይቀቡበት ነበር። ሶማሌዎች መርዙን ዋባዮ ይሉታል። ፈረንሳዮች ቃሉን ወስደው ኡዋባይን አሉት፤ ንጥረ ነገሩንም አርኖ የተባለው ፈረንሳዊ በ1888 ለይቶ አወጣው። ኡዋባይን የሚሠራው አንድ ነገር ብቻ ነው ማለት ይቻላል፦ ያን ፓምፕ ይዘጋዋል። ሶዲየም ይከማቻል፣ መለዋወጫው ይሰንፋል፣ ካልሲየም አልወጣ ይላል፣ ልብ ምቱ ተዘባርቆ ይቆማል። ዛሬ የትኛውም አገር ያለ ተመራማሪ ፓምፑን ዝም ማሰኘት ሲፈልግ የሚጠራው ይህንኑ የሶማሊኛ ቃል ነው፤ ከየት እንደመጣ የሚያውቀው ግን ስንቱ ነው? እንግሊዛዊው ሐኪም ዊሊያም ዊዘሪንግ በ1785 የጻፈለት ዲጂታሊስ የተባለው መድኃኒትም በዚሁ መንገድ ይሄዳል። በጥቂቱ ሲሰጥ፣ የሚቀረው ትንሽ ካልሲየም የደከመ ልብን ምት ያበረታል። የዚሁ ቤተሰብ የሆነው ዲጎክሲን ዛሬም መድኃኒት ቤት አለ፤ የሚወጣው በኩላሊት ስለሆነ ሽማግሌ ሲወስደው ሐኪሙ መጠኑን ይጠነቀቃል።

እርጅና ምረንዝ አይደለም፤ አካሄዱ ግን ይመሳሰላል። ባረጁ አይጦች ልብ ላይ እንደታየው፣ የሶዲየሙ በር ከተዘጋ በኋላም ገርበብ ብሎ ይቆያል። የሚያፈሰው ከመጀመሪያው ጎርፍ አንጻር ኢምንት ነው። ነገር ግን ጎርፉ ወዲያው ሲያበቃ ፍሳሹ ምቱን ሙሉ ይቆያል፤ ልብ ደግሞ በቀን መቶ ሺህ ጊዜ ያህል ይመታል። የተከማቸው ሶዲየም ካልሲየምን ያስቀራል፤ የቀረው ካልሲየም አንድ ኢንዛይም ይቀሰቅሳል፤ ኢንዛይሙም ተመልሶ በሩን ይበልጥ ያላላዋል። አዙሪት ነው። ካልሲየምን በሴሉ ውስጥ ወዳለው ጎተራ የሚመልሰው ሌላ ፓምፕም በዕድሜ ይደክማል፣ የልብ ግድግዳም ይደድራል፤ ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ ሶዲየም ላይ መደፍደፍ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ውጤቱን ሰው ብዙ ጊዜ በተቃራኒው ይረዳዋል። «ልቤ ደከመ» ሲባል መጭመቅ ያቃተው ይመስለናል። ያረጀ ልብ ግን ብዙውን ጊዜ መጭመቁን ይጨምቃል፤ የሚያዘገየው መልቀቁ ነው። ካልለቀቀ ደም አይሞላም። ቁጭ ባሉበት በሁለት ምት መካከል ሰፊ ጊዜ ስላለ አይታወቅም። ዳገት ላይ ግን ምቱ ይፈጥናል፣ የሚገባው ሶዲየም ይበዛል፣ ማውጫው ጊዜ ደግሞ ያጥራል። ያልሞላው ልብ ደሙን ሳንባ ውስጥ ያስጠብቀዋል፣ ትንፋሽም ያጥራል። እማማን ድንጋዩ ላይ ያስቀመጣቸው በከፊል ይህ ሊሆን ይችላል። ቁጭ ሲሉ ምቱ ይረግባል፣ ፓምፑም የተከማቸውን ያወጣል።

«ታዲያ ከሾላ ገበያ የምገዛውን ጨው ብተው በሩ ይገጥማል?» የሚል አይጠፋም። አይገጥምም። የደም ሶዲየምን ኩላሊት ልክ ይዞ ስለሚጠብቀው ወጡ ውስጥ የበዛው ጨው በዚያ በር ዘሎ አይገባም። የሚጎዳው በደም ግፊት በኩል ነው፤ ግፊት ደግሞ የልብን ግድግዳ ያወፍራል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች የሚለው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ የማይሞላው፣ ለዚህ ነው።

የላላውን በር የሚገጥም መድኃኒትም አለ። ራኖላዚን ይባላል፤ አሜሪካ ውስጥ በ2006 የተፈቀደው ግን ለደረት ሕመም እንጂ ለእርጅና አይደለም። አይጥ ላይ የተገኘውን ሰው ላይ መገልበጥም ቀላል አይሆንም፤ የአይጥ ልብ በደቂቃ 600 ጊዜ ያህል ይመታል። ከሰው የሚገኘው ሴል አብዛኛው ልቡ ታሞ ቀዶ ጥገና ከተደረገለት ሰው የተወሰደ ነው። ጤነኛ ሰው ልቡን ለጥናት ብሎ አያስቆርስም፤ እማማም ቢሆኑ ቅጠላቸውን ሊያስሩ ቸኩለው ነበር።