ሃምሳ ወይስ ስድሳ? የአንጎልን ምልክት ስለሚያነብቡ ክፍት ሶፍትዌሮች

የነርቭ ሕዋሳት ሲሠሩ የኤሌክትሪክ ምልክት ያመነጫሉ። ጀርመናዊው ሐኪም ሐንስ በርገር ይህን ምልክት ከሰው ራስ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የቀዳው እ.ኤ.አ. በ1924 ነበር። ኢኢጂ የተባለው ይህ ምርመራ ዛሬ የሚጥል በሽታን ለመመርመር ይውላል። ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም፤ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በመካከለኛው ኢትዮጵያ ገጠር አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1990 ያሳተሙት ጽሑፍ ከ1,000 ሰው 5 ያህሉ በሽታው እንዳለበት አሳይቷል። ምልክቱን የሚተነትኑ ክፍት ሶፍትዌሮችም አሉ፦ ለኢኢጂ ኢኢጂላብና ኤምኤንኢ ፓይተን፣ የነጠላ ሕዋሳትን ምት ለመለየት ስፓይክኢንተርፌስ፣ የየኩባንያውን ፋይል ወደ አንድ መልክ ለማምጣት ኒዮ። ብዙ ጊዜ የሚመሰገኑት ክፍያ ስለማይጠይቁ ነው። ይህ ምስጋና ያሳንሳቸዋል። ዋናው ቁም ነገራቸው በምልክቱ ላይ ምን እንዳደረጉ አለመደበቃቸው ነው።

ፋይሉን ራሱን እንይ። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው ኢዲኤፍ የተባለ የፋይል ዓይነት የሚያስቀምጠው ቮልት ሳይሆን ተራ ሙሉ ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ስንት ማይክሮቮልት እንደሆነ የሚታወቀው ከፋይሉ ራስጌ ነው። ራስጌው የጠፋበት ፋይል፣ ቆቦ ገበያ ላይ «ማሽላ አምስት» ብሎ ቁና ይሁን ኩንታል እንደማይናገር ሻጭ ነው። ኒዮ ቁጥርን ከነመለኪያው ይይዛል፤ ማይክሮቮልትን ከሚሊሰከንድ ጋር ደምር ቢሉት እምቢ ይላል። የኢኢጂ ወረቀት በስልክ ፎቶ አንስተው «ዳታው ይኸው» የሚሉ ሰዎች ይህን ልብ ቢሉ መልካም ነበር።

ከሁሉ በላይ ችላ የሚባለው ግን የመብራቱ ድግግሞሽ ነው። ቆቦም ሆነ አዲስ አበባ ከሶኬት የሚወጣው መብራት በሰከንድ 50 ጊዜ (50 ኸርዝ) ይመላለሳል፤ በአሜሪካ 60 ጊዜ ነው። ከራስ ቅል ላይ የሚለካው የአንጎል ምልክት አብዛኛውን ጊዜ ከ100 ማይክሮቮልት ስለማይበልጥ በግድግዳው ውስጥ ያለፈው ሽቦ በቀላሉ ይውጠዋል። ስለዚህ ያንን ድግግሞሽ ብቻ የሚቆርጥ ማጣሪያ ይደረጋል። ከኢኢጂላብ ጋር የሚሠራው ክሊንላይን ካልነገሩት በቀር 60ን ይወስዳል። ከአሜሪካ የተገኘ ስክሪፕት ሳያነብብ እዚህ የሚያስኬድ ተማሪም የሌለውን የመብራት ጩኸት ይቆርጣል፣ ያለውን ይተዋል፣ በ60 ላይ የነበረውንም የአንጎል ምልክት አብሮ ሊጎዳ ይችላል። ከዚያ የቀረውን የ50 ኸርዝ ጩኸት ፈጣን የአንጎል ሞገድ ነው ብሎ ሊተረጉመው ይችላል። ኤምኤንኢ ፓይተን በዚህ ረገድ ይሻላል፤ የሚቆረጠውን ቁጥር ተጠቃሚው ራሱ እንዲጽፍ ያስገድዳል። ኮዱ ክፍት ከሆነ የተሳሳተ ድግግሞሽ የመቁረጥ ስህተት በአንድ መስመር ላይ ይታያል። በዝግ ፕሮግራም ውስጥ ከሆነ ግን ማጣሪያው በምን ስሌት እንደሚሠራ ማየት የሚችለው አምራቹ ብቻ ነው።

«ኮዱን ማን ያነብበዋል?» የሚሉ አሉ። ሁሉም ማንበብ የለበትም፤ አንዱ አንብቦ ያረመው ለሁሉም ይደርሳል። ከማሽኑ ጋር የሚመጣው ፕሮግራም ለሕክምና የተፈቀደ ነው የሚለው ክርክር ግን ትክክል ነው፤ ታካሚን ለመመርመር እሱ ይቅደም። እኔ የምከራከረው ስለ ምርምር ነው። «የእኛ ኮምፒውተር አይችለውም» የሚለው ደግሞ በቀላል ስሌት ይፈርሳል። በ21 ቻናል፣ በሰከንድ 256 ናሙና የተቀዳ የ30 ደቂቃ ኢኢጂ 20 ሜጋባይት አይሞላም፤ ተራ ላፕቶፕ ያለ ኢንተርኔት ይተነትነዋል። ከባዱ ሌላ ነው፤ በአብዛኛው በእንስሳት አንጎል ውስጥ የሚገባው ኒውሮፒክስልስ በ384 ቻናል፣ በሰከንድ 30,000 ናሙና ስለሚቀዳ በአንድ ሰከንድ ብቻ ከዚያ የግማሽ ሰዓት ኢኢጂ የበለጠ ዳታ ያወጣል። ኢኢጂላብም ነጻ ቢሆን የሚሠራበት ማትላብ ክፍያ ይጠይቃል፤ ለወልድያ ወይም ለደሴ ተማሪ የምመክረው ስለዚህ በነጻው የፓይተን ቋንቋ እንዲጀምር ነው።

ማሽን የምትገዙ ሆስፒታሎችና ዩኒቨርሲቲዎች፣ ጨረታው ላይ አንድ መስመር ጨምሩ፦ የተቀዳው ምልክት ሳይጣራ፣ ከነራስጌው፣ በኢዲኤፍ መውጣት አለበት።