ሳይቃጠል በቅጠል፦ የሆስፒታል ቆሻሻ ዕጣ የት ይወሰናል?



ሆስፒታል አካባቢውን እንዳይበክል ምን ይደረግ ሲባል፣ አብዛኞቻችን የምንመለከተው ከግቢው ጓሮ ጭስ የሚወጣበትን ማቃጠያ ነው። ዛሬ ላስረዳ የምሻው ግን፣ ቆሻሻው ማቃጠያው ዘንድ ሲደርስ ነገሩ በአመዛኙ ያለቀ መሆኑን ነው። ውሳኔው የሚሰጠው ቀደም ብሎ፣ በሕመምተኛው አልጋ አጠገብ ነው።

ከአንድ አኃዝ እንነሣ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው፣ ከጤና ተቋማት ከሚወጣው ቆሻሻ 85 በመቶ ያህሉ ከየቤታችን ከሚወጣው የማይለይ ተራ ቆሻሻ ነው፤ ወረቀት፣ ካርቶን፣ የምግብ ትራፊ። ተላላፊ፣ መርዛማ ወይም ጨረር አመንጪ በመሆኑ አደገኛ የሚባለው 15 በመቶው ነው። ይሁን እንጂ በደም የተነከረ ፋሻ ከካርቶን ጋር በአንድ ባልዲ ከተጣለ፣ ካርቶኑም እንደ ተላላፊ መቆጠሩ ግድ ይሆናል። ጥቁሩ ባልዲ ለተራው፣ ቢጫው ለተላላፊው፣ ሴፍቲ ቦክሱ ለመርፌና ለስለት መለየቱ እንግዲህ ለደንብ ያህል የሚደረግ አይደለም። ስንት ኪሎ እንደሚቃጠል የሚወሰነው በዚሁ ነው።

መቃጠሉስ ምን ያመጣል? ክሎሪን ያለበት ፕላስቲክ፣ ለምሳሌ ከፒቪሲ የተሠራ ቱቦ፣ በአነስተኛ ሙቀት ሲቃጠል ዳዮክሲንና ፉራን የተባሉ መርዞች ይፈጠራሉ። ለእነዚህ መርዞች የተደነገገውን ዓለም አቀፍ የልቀት ደረጃ ሊያሟላ የሚችለው ከ850 እስከ 1100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚሠራና ጭሱን የሚያጣራ መሣሪያ የተገጠመለት ዘመናዊ ማቃጠያ ነው። በጉድጓድ ወይም በተራ የጡብ ምድጃ ማቃጠል ከዚህ ደረጃ እጅግ የራቀ ነው። መርዙ በሣር ላይ ያርፋል፤ ከሣሩ ወደ ላሟ፣ ከላሟ ወደ ወተቱ ይሸጋገራል። በስብ ውስጥ ስለሚከማችም በቀላሉ አይወገድም። ሕመምተኛውን ያዳነ ሆስፒታል በዚህ መንገድ ጎረቤቱን ሊያሳምም ይችላል።

ለአብዛኛው ተላላፊ ቆሻሻ ሌላ መንገድ አለ፤ ይኸውም በአውቶክሌቭ፣ በግፊት በታመቀ የ121 ዲግሪ እንፋሎት ማምከን ነው። ይህ ዘዴ ጭስ የለውም። የሀገራችን የኤሌክትሪክ ኃይል በአብዛኛው ከውኃ የሚመነጭ መሆኑም ያግዘዋል። ሆኖም የማይቆራረጥ ኃይልና የሠለጠነ ጠጋኝ ይጠይቃል። አቅሙም ውስን በመሆኑ፣ ያልተለየ ቆሻሻ ከተጫነበት አይችለውም። ስለሆነም ተመልሰን ወደ ባልዲው እንመጣለን።

ከባልዲውም የሚቀድም ነገር አለ፤ እርሱም የመድኃኒት ማዘዣው ነው። በዓለም በየዓመቱ 16 ቢሊዮን ያህል መርፌ እንደሚሰጥ ይገመታል። ከእነዚህም ብዙዎቹ በሚዋጥ መድኃኒት ሊተኩ የሚችሉ ናቸው። በእኛም ዘንድ መርፌ ካልተወጋ የታከመ የማይመስለው ሰው ጥቂት አይደለም። እንክብል በቂ በሆነበት ሁሉ መርፌ ያላዘዘ ሐኪም፣ ሲሪንጁን፣ ጓንቱንና መጠቅለያውን ገና ቆሻሻ ሳይሆኑ አስቀርቷቸዋል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።

ከዚህ ሁሉ መጨረሻ ላይ አንድ ሰው አለ፤ ከረጢቱን አንሥቶ የሚወስደው የጽዳት ሠራተኛ። ከተራ ቆሻሻ ጋር የተጣለ መርፌ ሲወጋው፣ መርፌው ያረፈበት ሕመምተኛ ሄፓታይተስ ቢ ኖሮበት ከሆነና ሠራተኛው ካልተከተበ፣ በበሽታው የመያዝ ዕድሉ እስከ 30 በመቶ ይደርሳል። ሰውየውን የሚጠብቀውና አየሩን የሚጠብቀው ተግባር አንድ ነው።

ውድ ተማሪዎች፣ ነገ ማቃጠያ የመግዛት ሥልጣን ላይኖራችሁ ይችላል። ማዘዣውና ባልዲው ግን ከመጀመሪያው የሥራ ቀናችሁ ጀምሮ በእጃችሁ ናቸው።