ከፊልሙ በኋላ የተነሣው ጥያቄ

አንድን ፊልም ብዙ ሕዝብ ስለ ወደደው ብቻ ጥበብ አለበት ማለት አይገባም፤ ብዙ ሕዝብ ስለ ወደደውም ጥበብ የለበትም ብሎ መናቅ ስሕተት ነው። እኔ በሁለተኛው ስሕተት ብዙ ዘመን ኖሬአለሁ።

በአንድ እሑድ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ወርጄ ከታላቅ እኅቴ ቤት ስገባ ልጆቹ በቴሌቪዥን «ድፍረት» የተባለውን ፊልም ያዩ ነበር። ዝጉት ልል ስል እኅቴ በእጇ ዝም አሰኘችኝ፤ እኔም ተቀምጬ አየሁ።

ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ያዘጋጀው ይህ ፊልም በ2006 ዓ.ም. በአሜሪካ በሰንዳንስ የፊልም በዓል የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቷል። መነሻው እውነተኛ ታሪክ ነው። የ14 ዓመቷ ተማሪ ሂሩት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠልፋ ትደፈራለች፤ ስታመልጥም ጠላፊዋን በጠመንጃ ትገድላለች። ሽማግሌዎች በልማድ፣ ፍርድ ቤት በሕግ ይመዝኗታል፤ መዓዛ አሸናፊም ጠበቃ ሆና ትቆምላታለች።

ርእሱ እንደ ቅኔ ኅብር አለው፤ ድፍረት ጀግንነትም ነው፣ በደልም ነው። ነገር ግን የፊልም ፍልስፍና የሚመዘነው በርእሱ ወይም በተዋናዮቹ ንግግር አይደለም፤ ተመልካቹ ይዞት በሚነሣው ጥያቄ ነው።

ፊልሙ ሲያልቅ የእኅቴ ታናሽ ልጅ፣ «ጋሼ፣ አባቶች ያቆዩት ልማድ እንዴት በደል ይሆናል?» አለችኝ። እኔም ስለ ሕግ ነገርኋት፤ በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ልጂቱ ፈቅዳ ጠላፊዋን በሕግ ካገባችው ክሱን ያስቀር እንደ ነበር፣ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ ግን ጋብቻው ጠላፊውን ከቅጣት እንደማያድነው አስረዳኋት።

«ታዲያ ፈቃዷን ማን ይጠይቃት ነበር?» አለች።

መልስ አጣሁ። ያን ጊዜ እኅቴ ቀስ ብላ፣ «እኔን የጠየቀኝ የለም» አለች።

እርሷ ስትጠለፍ እኔ ሕፃን ነበርሁ፤ ለዕርቁ ከታረደው በግ በቀር የማስታውሰው የለም። ከዚያ ወዲህ ይህን ያህል ዘመን ከማዕዷ ስበላ፣ አንድ ቀን እንኳ ስለዚህ ነገር ጠይቄያት አላውቅም ነበር።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፣ እንባ ብቻ አስፈስሶ የሚያልፍ ፊልም ብዙ ነው፤ ቤተ ሰቡ ዝም ያለውን ነገር የሚያስጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ከልጆቻችሁ ጋር ተቀምጣችሁ እዩ፤ ካለቀም በኋላ ለመዝጋት አትቸኩሉ።