ክረምት የሚጠብቅ ወደብ

ነቀምቴ ላይ ስለ መርከብ ካነሳህ ይስቁብሃል። ባሕሩ የታለና? እኔም ከሳቂዎቹ አንዱ ነበርኩ፤ ደምቢ ዶሎ ላይ አንድ አዛውንት አጠገብ ተቀምጬ ቡና እስክጠጣ ድረስ። «ጭሱ ነው ቀድሞ የሚታየው፤ ከዚያ ጩኸቷ ይመጣል» አሉኝ። በልጅነታቸው የአባታቸውን በቅሎዎች ተከትለው ጋምቤላ የወረዱ ሰው ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል፣ ባሮ ወንዝ ዳር ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለንግድ ጣቢያ በኪራይ ሰጡ። ውሉ ኢታንግ አጠገብ ይላል፤ ጣቢያው የተተከለው ግን ጋምቤላ ላይ ነው። መርከቦቹ ከካርቱም ተነስተው በነጭ ዓባይና በሶባት አድርገው ባሮን ሽቅብ ይወጡ ነበር። ጨውና አቡጀዲ አራግፈው፣ የወለጋንና የኢሉባቦርን ቡናና ሰም ጭነው ይመለሱ ነበር።

መርከቧን ሰው ሲስላት የቀይ ባሕር መርከብ ያደርጋታል። የለም! ሆዷ እንደ ምጣድ ዝርግ ነው፤ ውሃው ሲሳሳ አሸዋ እንዳይዛት። የምትገፋው ከኋላዋ በተገጠመ፣ የውሃ ወፍጮ መዘውር በሚመስል ትልቅ መንኮራኩር ነው። ከስር ቢሆን ጭቃ ይበላዋል፤ ከጎን ቢሆን ጎርፍ ያመጣው ግንድ ይሰብረዋል። ጭነቱ የሚበዛው እሷ ላይ ሳይሆን፣ አጠገቧ ታስረው አብረዋት በሚሄዱ ሞተር አልባ ጀልባዎች ላይ ነው።

እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ባሮ መርከብ የሚያስገባው ሲሞላ፣ በግምት ከሰኔ እስከ ጥቅምት ነው። ቡና የሚለቀመው ደግሞ ውሃው መጉደል ሲጀምር! በክረምት በቅሎ ጭቃውንና የወንዞችን ሙላት አታልፍም፤ በበጋ መርከብ አሸዋውን አታልፍም። ስለዚህ ሲራራው በበጋ፣ ከደምቢ ዶሎ ደጋ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ቡናውን ጋምቤላ ያራግፋል፤ ቡናው መጋዘን ውስጥ ወራት ተኝቶ ዝናብ ይጠብቃል። ጨዉም እንዲሁ፤ በክረምት ገብቶ፣ በቅሎዎቹ በበጋ ሲመጡ ይወጣል። የወደቡ ነፍስ መጋዘኑ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም። ስለ መርከቧ ሁሉም ያወራል፤ መጋዘኑን ማንም አያነሳውም።

ጥር ላይ ጋምቤላ ሄዳችሁ፣ ድልድዩ ላይ ፎቶ ተነስታችሁ «እዚህ መርከብ ይገባ ነበር? ውሸት!» የምትሉ ወዳጆቼ፣ እባካችሁ ቀን ምረጡ። ተማሪ ለጉብኝት የምታወጡ መምህራንም ነቀምቴ የኩምሳ ሞሮዳን ቤተ መንግሥት አሳይታችሁ አትመለሱ፤ በጊምቢ አድርጋችሁ ደምቢ ዶሎ፣ ከዚያ ወደ ባሮ ውረዱ። መስከረም ላይ ይሁን፤ ትምህርት ተከፍቷል፣ ወንዙም ገና አልጎደለም።

ሱዳን ከእንግሊዝ አገዛዝ ነፃ ስትወጣ የኪራዩ ውል አበቃ፤ ጣቢያውም በ1949 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰ።

ወደ አዛውንቱ ልመለስ። ይህን ሁሉ ካወቅሁ በኋላ አንድ ነገር ከነከነኝና ደግሜ ሄድኩ። «አባባ፣ ሲራራ የሚወርደው በበጋ ከሆነ መርከቧን እንዴት አዩዋት?» ሳቁ። አባታቸው በዚያ ዓመት ዘግይተው ወርደው ዝናብ ጋምቤላ ላይ ያዛቸው፤ በቅሎ አልቆባቸው በእግር ነው የተመለሱት። «አባቴ ስንት ዓመት ቡና አወረደ፤ መርከቧን ያያት ያን ጊዜ ብቻ ነው» አሉኝ።